የጠፋ ዕቃ መዝገብ

የላኩልኝ ቅጽ ሁለት ገጽ አይሞላ፤
ስም፣ የልደት ቀን፣ ሕመም፣ ከዚያ በኋላ
ከታች አንድ ሣጥን፣ ባዶ አፉን የከፈተ፣
«ለስብሰባ ብቁ ናት?» ብሎ እጄን የጎተተ።

የሥራ ጤና ነርስ ነኝ። ቁስል አላሽግም፤
ደብዳቤ እጽፋለሁ። ደብዳቤም ያደማል፣ አንዳንዴም ያክም።

ደንዲ ከተማ ላይ ዝናቡ በጎን ይመጣል፣
ከቴይ ወንዝ ይነሣል፣ ጃንጥላ ይገለብጣል።
ኢሽቤል ግን ረጥባ ገባች፤ ጨምቃ ፀጉሯን ሳቀች፤
«አራት መቶ ጃንጥላ አለኝ፣ የኔ አይደሉም» አለች።

ምድር ቤት ነው ሥራዋ፣ ከአውቶቡሶች በታች፤
ተሳፋሪ የረሳውን ስትመዘግብ ሃያ ዓመት ኖረች።
የአንድ እጅ ጓንት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የልጅ ጫማ፣
አንዴም የልደት ኬክ፣ ከነአምስት ሻማ።

ከዚያ አለቃ መጣ። ራናልድ ይባላል።
አይሳደብም እኮ። ስትናገር በረዥሙ ይተነፍሳል።
ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሥራ ይቆልላል፣
ጠዋት «አልደረሰም?» ብሎ ሰው ፊት ይጠይቃል።
ሻይ ክፍል ስሟን ዘሎ ቀጣዩን ይጠራል፤
ጥፊ ቢሆን ኖሮ ሰንበሩ ይታያል፣
ውኃ ግን ሲወስድ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ክንዷን አስሬ የደም ግፊቷን ለካሁ፤
መቶ ሠላሳ ነበር። ስሙን እንዳነሣሁ
መቶ ሰባ ገባ። ራናልድ እዚህ የለም፤
ክንዷ ውስጥ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ አላፈረም።

ያን ጊዜ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች።
«እንደ ልማዴ ነው፣ መዝግቤዋለሁ» አለች።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ድምፅ፣ አንድ፣ ከመሃሉ የተቆረጠ። ሰባት ሰው አይቷል። ባለቤት፦ እኔ።
ዓርብ ሌሊት። እንቅልፍ፣ ሙሉው። ጠያቂ አልመጣም።
ፌብሩዋሪ ሦስት፣ ሻይ ክፍል። ስም፣ «ኢሽቤል» የሚል። መሬት ወድቆ የተገኘ።
ቀኑ ያልታወቀ። የምሳ ፍላጎት። ቀለሙ አይታወስም።

ስንቱ እዚህ ወንበር ላይ «ምን ብዬ ልናገር?» ብሎኛል፤
ቀን ያልተጻፈበት በደል ከስብሰባ በር ይመለሳል።

ታዲያ እኔስ ምን ልጻፍ? «ብቁ አይደለችም» ብል፣
ስብሰባው እቤቷ ገብቶ በየሌሊቱ ሊቀጥል።
«ብቁ ናት» ብልስ፣ ፊርማዬ ገመድ ሆኖ
ሊጎትታት አይደል ወደዚያ ትንፋሽ፣ በኔ ስም ታምኖ?
ለሥራ የታመመ ለስብሰባ ሊቆም ይችላል፣ መመሪያው እንዲህ ይላል፤
ጥያቄው ይገባታል፣ መልስ ታውቃለች። ጉልበቷ ግን ይንቀጠቀጣል።

ጻፍኩ።
ብቁ ናት፣ ግን።
ከ«ግን» በኋላ ገጹ አልበቃኝም።

ጥያቄው በጽሑፍ ይድረሳት አስቀድሞ፤
የማኅበሯ ሰው ከጎኗ ይቀመጥ፣ ደጅ አይጠብቅ ቆሞ።
ሦስተኛ ፎቅ አይሁን፤ መንገዱም በእሱ በር አይለፍ፤
በየሃያ ደቂቃው ትረፍ፤ ብታለቅስ፣ እንባዋ መልስ ነው ተብሎ አይጻፍ።
ራናልድ በዚያ ሰዓት ሌላ ሕንፃ ይዋል።
እሷን ብቻ አትመርምሩ፤ ሥራውም ታሟል፣ መድኃኒት ይሻል።

የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ ሰረዝኳት።
ሦስተኛ ጊዜ ተውኳት።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። የተወሰነውን ማንም አልነገረኝም፤
የኔ መንገድ እዚያ ድረስ አይዘልቅም።
ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖስታ መጣ፤ ውስጡ ከደብተሯ አንድ ገጽ፣
ሰላምታ የለው፣ ምስጋና የለው፣ የእጇ ጽሕፈት ብቻ፣ ግልጽ፦

እንቅልፍ፣ የአራት ሰዓት። ዳሩ ትንሽ የተቀደደ።
ለባለቤቷ ተመልሷል። ፈርማ ተረክባለች።